የተበተኑ መዛግብት፦ የአንድ አገር የዝልግልግ ሻጋታ ዝርዝር እንዴት ይሰበሰባል

የአንድ አገር ሕይወታዊ ሀብት ሲዘረዘር ቅድሚያ የሚያገኙት ዓይን የሚሞሉት ናቸው፤ ዋልያና ጭላዳ፣ ኮሶና ዝግባ በየመጽሐፉ ስማቸው ይነሣል፣ ሥዕላቸው ይታተማል፣ ብዛታቸው ይቆጠራል። በበሰበሰ ግንድ፣ በረገፈ ቅጠልና በእበት ላይ የሚኖሩ ደቃቅ ፍጥረታት ግን፣ የአፈርን ለምነት በመጠበቅ ረገድ ድርሻቸው ቀላል ባይሆንም፣ በአገር ደረጃ ተቆጥረውና ተመዝግበው የሚገኙት ከስንት አንድ ነው። ይህ ምዕራፍ ከእነዚህ ፍጥረታት መካከል ዝልግልግ ሻጋታዎችን፣ በሳይንሱ አጠራር ማይክሶማይሴቶችን፣ የሚመለከት ሲሆን፣ በልዩ ልዩ ዘመን በልዩ ልዩ ሰዎች ተሰብስበው በየመጽሐፉና በየናሙና ቤቱ የተበተኑ መረጃዎች እንዴት ወደ አንድ የአገር ዝርዝር እንደሚመጡ፣ ለዚህም ሥራ የሰሜን ወሎዎቹ ወልድያ፣ መርሳና ሀብሩ ምን ያህል ምቹ እንደሆኑ ያስረዳል። ዓመታቱ፣ የኢትዮጵያ መሆናቸው በግልጽ ካልተነገረ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ዝልግልግ ሻጋታ፣ ሻጋታ ይባል እንጂ፣ ከእንጉዳይም ሆነ ዳቦ ላይ ከሚወጣው ሻጋታ ወገን አይደለም፤ የሚመደበው ከአሜባዎች ጋር ነው። ሕይወቱ የሚጀምረው በነፋስ ከሚበተን፣ ስፖር ከሚባል ብናኝ ሲሆን፣ ብናኙ እርጥበት ሲያገኝ ይፈነዳና በዓይን የማይታይ፣ ባክቴሪያ እየዋጠ የሚኖር ባለ አንድ ሕዋስ አሜባ ይወጣዋል። ሁለት ተስማሚ ሕዋሳት ሲዋሐዱ ደግሞ ፕላስሞዲየም የተባለው ደረጃ ይጀመራል፤ ይህ ስም ከወባ ተሕዋስ ስም ጋር ቢገጥምም በሁለቱ መካከል የቅርብ ዝምድና የለም። ፕላስሞዲየም ግድግዳ የሌለው አንድ ሕዋስ ሆኖ፣ በውስጡ ያለው ኒውክለስ፣ ማለትም የዘር መረጃ የሚይዘው የሕዋስ እንብርት፣ እየተከፈለ ሺህዎችና ከዚያም በላይ እስኪሆን ድረስ የሚያድግ፣ ቢጫ፣ ነጭ ወይም ቀይ መረብ ሠርቶ በግንድና በቅጠል ላይ የሚንፏቀቅ ዝልግልግ አካል ነው። በመረቡ ሥሮች ውስጥ ፈሳሹ አንድ ጊዜ ወደ ፊት አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሲፈስ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ1 ሚሊ ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ ይህም በሕዋስ ውስጥ ከሚታዩ እንቅስቃሴዎች ሁሉ ፈጣን ከሚባሉት አንዱ ነው። ምግብ ሲያልቅ ወይም አካባቢው ሲደርቅ ፍጥረቱ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ደርቆና ጠንክሮ መልካሙን ጊዜ ይጠብቃል፣ ወይ ወደ ብርሃን ወጥቶ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መላ አካሉን ወደ ጥቃቅን የስፖር ከረጢቶች ይለውጣል። ከከረጢቶቹ አንዳንዶቹ ቁመታቸው ከግማሽ ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ሌሎቹ፣ እንደ ፉሊጎ ሴፕቲካ ያሉት፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቢጫ ቂጣ መስለው በዝናብ ማግስት በበሰበሰ እንጨት ላይ ይታያሉ።

ነርቭም አንጎልም የሌለው ይህ አካል በ2000 ዓመት የጃፓን ተመራማሪዎች፣ እነ ቶሺዩኪ ናካጋኪ፣ ባዘጋጁት ጥምዝምዝ መንገድ ውስጥ በሁለት የምግብ ነጥቦች መካከል ያለውን አጭሩን መስመር አግኝቶ በማሳየቱ ዓለም አቀፍ ዝና አግኝቷል፤ በ2010 ደግሞ የቶኪዮ አካባቢ ከተሞችን አቀማመጥ ተከትለው በተቀመጡ የአጃ ፍሬዎች መካከል የዘረጋው መረብ ከእውነተኛው የባቡር ሐዲድ ጋር ለመወዳደር የበቃ ሆኖ ተገኝቷል። እነዚህ ሙከራዎች በእርግጥ ድንቅ ናቸው። ነገር ግን የተሠሩት ፊዛረም ፖሊሴፋለም በተባለ አንድ ዝርያ ላይ ብቻ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም፤ በዓለም ላይ እስከ አሁን ስም የወጣላቸው ማይክሶማይሴቶች ከ1,000 በላይ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ የብዙዎቹ የትኛው በየትኛው አገር፣ በየትኛው ዛፍና በየትኛው ወቅት እንደሚገኝ የሚናገረው የቤተ ሙከራው ዝና ሳይሆን ሰው ብዙም የማያመሰግነው የዝርዝር ሥራ ነው።

መረጃው የተበተነበት አንደኛው ምክንያት ፍጥረቱ በየዘመኑ ከየወገኑ ሲመደብ መኖሩ ነው። ሊኒየስ በ1753 ሊኮጋላ ኤፒደንድረም ለተባለው፣ በግንድ ላይ ሮዝ ድቡልቡል ሆኖ ለሚታየው ዝርያ ስም ሲያወጣለት ከድቡልቡል እንጉዳዮች ጋር ቆጥሮት ነበር፤ ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የሕይወት ዑደቱን አጥንቶ ወደ እንስሳት ወገን አስጠጋው፤ ፖላንዳዊው ዩዜፍ ሮስታፊንስኪ በ1870ዎቹ፣ እንግሊዛውያኑ አርተር ሊስተርና ልጁ ጉሊየልማ ሊስተር ደግሞ ከ1894 ጀምሮ ዝርያዎቹን በወጉ የሚለዩ ትልልቅ መጻሕፍት አዘጋጁ። ይሁን እንጂ ናሙናዎቹ የተቀመጡት በዕፅዋት ናሙና ቤቶች፣ በሄርባሪየሞች፣ ውስጥ ነው፤ ስያሜያቸውም እስከ ዛሬ የሚመራው በዕፅዋትና በእንጉዳዮች የስያሜ ሕግ ነው። ጣሊያናዊው ፒየር አንድሪያ ሳካርዶ የዓለምን እንጉዳዮች በአንድ ለማጠቃለል ባሳተመው ግዙፍ መድበል ውስጥ ማይክሶማይሴቶች በ1888 በወጣው ሰባተኛው ቅጽ ገብተዋል። ስለዚህ የአንድን አገር ዝልግልግ ሻጋታዎች የሚሰበስብ ሰው በራሳቸው ስም የተጻፈ መጽሐፍ ብቻ ፈልጎ ቢቀር ብዙ ያመልጠዋል፤ የእንጉዳይ ዝርዝሮችን፣ የጉዞ ዘገባዎችንና የሰብል በሽታ ማውጫዎችን ጭምር ገጽ በገጽ መፈተሽ ይኖርበታል። ለአፍሪካ ቀንድ የሚሆን አንድ ምሳሌ ብንወስድ፣ በ1891 በኤርትራ የቦጎስና የመንሳ ምድር ተዘዋውሮ ዕፅዋትና እንጉዳይ የሰበሰበው ኦቶ ፔንዚግ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ በጃቫ ደሴት የቦይተንዞርግ ማይክሶማይሴቶችን የሚመለከት መጽሐፍ ያሳተመ የዚሁ ዘርፍ ዐዋቂ ነው። ከኤርትራ ያመጣቸው እንጉዳዮች በሳካርዶ እጅ ተጠንተው በጣሊያን አገር ታትመዋል። የሰብል በሽታን በተመለከተም ስቱዋርትና ዳኛቸው ይርጉ በ1967 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ኮሌጅ ያሳተሙት የኢትዮጵያ የዕፅዋት በሽታዎች ማውጫ፣ ተበታትኖ የነበረ መረጃ በአንድ ጥራዝ ሲገባ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚያሳይ ሥራ ነው።

ኢትዮጵያ በትልልቆቹ ዕፅዋት ረገድ ይህን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ሄዳበታለች፤ የዝልግልግ ሻጋታ ዝርዝር የሚያዘጋጅ ሰውም ከዚህ የተሻለ አርአያ ባያገኝ አይገርምም። የፈረንሳይ መልእክተኞች የሰበሰቧቸውን ዕፅዋት መሠረት አድርጎ አሺል ሪሻር ከ1847 እስከ 1851 ባሳተመው መጽሐፍ የተጀመረው ጥረት፣ ከ1837 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ኢትዮጵያ ውስጥ ኖሮ በሺህ የሚቆጠሩ ናሙናዎችን ወደ አውሮፓ በላከው በጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር እየሰፋ ሄደ። ከመቶ ዓመት በኋላ እነዚህ ሁሉ ናሙናዎች በፓሪስ፣ በለንደን፣ በፍሎረንስ፣ በበርሊንና በቪየና ተበትነው ነበር፤ አንድ ተክል በአንዱ ከተማ በአንድ ስም፣ በሌላው ከተማ በሌላ ስም ይጠራ ነበር። ራሱም በ1937 በቦረና ምድር ናሙና የሰበሰበው፣ መቀመጫውን በቪየና ያደረገው ጌኦርግ ኩፎዶንቲስ ይህን ሁሉ ለብቻው ተሸክሞ፣ ከ1953 እስከ 1972 ድረስ በቤልጅግ መጽሔት ላይ በተከታታይ ባሳተመው ዝርዝር፣ በጽሑፍ የተገኘውን እያንዳንዱን የኢትዮጵያ ተክል ስም ከአቻ ስሞቹና ከተገኘበት ቦታ ጋር አሰፈረ። ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ የፈጀው ይህ ሥራ አዲስ ዝርያ የማግኘትን ያህል ዝና ባያስገኝም፣ ያለ እርሱ የኋለኛው ባልተቻለም ነበር። በ1980 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር የጀመረውና ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ሰብስቤ ደምሰው፣ ኢንጋ ሄድበርግ፣ ሱ ኤድዋርድስና ሌሎችም የደከሙበት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ በ2009 ሲጠናቀቅ፣ ስምንት ቅጾች ሆኖ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን ይዟል፤ ከእነዚህም ከመቶ አሥር ያህሉ በሌላ አገር የማይገኙ ናቸው።

በማይክሶማይሴቶች ረገድ ደግሞ ለምሥራቅ አፍሪካ ፈር የቀደደው በታንዛንያ የተሠራው ሥራ ነው። ፊንላንዳዊቷ ማርያ ሃርኮነን ከባልደረቦቿ ጋር ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ፣ ታርያ ኡኮላ ደግሞ በዚያው አሥርት መጨረሻ ባሳተሙት ጥናት፣ ከዚያ በፊት ጥቂት ስሞች ብቻ ይታወቁለት ለነበረው አገር ሰፊ ዝርዝር አበረከቱ። በ2009 ደግሞ ኬንያዊው ጆርጅ ንዲሪቱና የአርካንሶ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ ከበርካታ ጽሑፎችና ከኮምፒውተር የመረጃ ቋቶች ለቅመው የመላ አፍሪካን ዝርዝር አዘጋጁ፤ ወደ 300 የሚጠጉ ዝርያዎች ገብተውበታል። ለዚህን ያህል ሰፊ አህጉር ይህ ቁጥር እጅግ አነስተኛ ነው። ምክንያቱ ግን የአፍሪካ መሬት ድሃ መሆኑ ሳይሆን ፈላጊው ጥቂት መሆኑ ነው። በእንዲህ ዓይነት ዝርዝር ላይ አንድ አገር ባዶ ሆኖ ሲታይ ዝርያው የለም ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ባዶነቱ የሚያሳየው የሰብሳቢዎችን መንገድ ነው። ሰብሳቢ የሚቆመው መኪና በሚቆምበት ነው፤ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና በውርጌሳና በመርሳ በኩል ስለሚያልፍ፣ መንገድ ዳር ያለው ግራር ሲመዘገብ ከጎዳናው ርቆ በሀብሩ ተራሮች ወገብ ላይ ያለው ወይራ ሳይታይ ሊቀር ይችላል።

የለቃሚውን ሥራ ከባድ የሚያደርገው የገጾቹ ብዛት ሳይሆን እያንዳንዱን መረጃ መመርመሩ ነው። ለመዝገብ የሚበቃ መረጃ የዝርያውን ስም፣ የተገኘበትን ቦታና ከፍታ፣ የበቀለበትን ነገር፣ ቀኑን፣ የሰብሳቢውን ስምና ናሙናው ዛሬ ያለበትን ቤት የሚናገር ነው። በኢትዮጵያ ሁኔታ ከእነዚህ መካከል በተለይ ሁለቱ፣ ቀንና ቦታ፣ ሰው ከሚገምተው በላይ ያሳስታሉ። በአንድ መለያ ወረቀት ላይ 12/3/2005 ተብሎ ተጽፎ ቢገኝ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መጋቢት ወር ላይ፣ በበልግ ዝናብ መካከል የተሰበሰበ ይመስላል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ግን ቀኑ ኅዳር 12፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው፤ ይህም በአውሮፓውያኑ ኅዳር 21 ቀን 2012 ላይ ይውላል። በሁለቱ መካከል የሰባት ዓመት ከስምንት ወር ልዩነት አለ፤ ከዚያም በላይ አንዱ የእርጥብ፣ ሌላው የደረቅ ወቅት መረጃ ስለሆነ፣ በዝናብ ለሚኖር ፍጥረት ስሕተቱ የጥናቱን መደምደሚያ ሊገለብጥ ይችላል። ቦታን በተመለከተም «ወሎ» ብቻ የሚል የቀድሞ ዘመን መለያ ከላስታ ቁር እስከ አፋር በረሃ የሚዘልቀውን ክፍለ ሀገር ሁሉ ስለሚይዝ ለሥነ ምኅዳር ጥናት እምብዛም አይረዳም፤ «የጁ» የሚል ካለ ግን ለቃሚው የጁ ወልድያን ዋና ከተማው ያደረገ አውራጃ እንደነበረና የዛሬዎቹ መርሳና ሀብሩ በዚያ ውስጥ እንደነበሩ ማወቅ አለበት። ጣሊያኖች ወልድያን በራሳቸው ፊደል አጻጻፍ «ኡዎልዲያ» ብለው ይጽፏት ነበር፤ መርሳ የሚለው ስም ደግሞ በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በመርሳ ፋጡማና በሌሎችም፣ ስለሚገኝ፣ ቦታን በስም ብቻ የሚፈልግ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሀብሩን ናሙና ባሕር ዳር ሊያስቀምጠው ይችላል። የአካባቢውን ታሪክ የሚያውቅ ሰው በአንድ ደቂቃ የሚያርመውን ይህን ስሕተት የውጭ አገር ባለሙያ በአንድ ወር ላይደርስበት ይችላልና፣ የአገር ዝርዝር በአገር ልጅ እጅ መሠራቱ የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ስምን በተመለከተ የስፔኑ ካርሎስ ላዶ ያቋቋመው የማይክሶማይሴት ስሞች የመረጃ ቋት አሮጌውን ስም ከአዲሱ ጋር ስለሚያገናኝ፣ አንዱን ዝርያ ሁለት ጊዜ ከመቁጠር ያድናል። ናሙና የሌለው ስም ግን በዚህም አይድንም። ለዘመናት አንድ ዝርያ ነው ሲባል የኖረው ሊኮጋላ ኤፒደንድረም በዘረ መል ሲመረመር ብዙ ዝርያዎችን የያዘ ሆኖ በመገኘቱ፣ በ2023 በአንድ ጽሑፍ ብቻ ከዚህ ወገን 15 አዳዲስ ዝርያዎች ተሰይመዋል። ስለዚህ ከአንድ አገር «ሊኮጋላ ኤፒደንድረም ተገኝቷል» የሚለው አሮጌ ዘገባ፣ ናሙናው በሳጥን ተቀምጦ ከቆየ እንደገና ተመርምሮ ትክክለኛ ስሙን ያገኛል፤ ናሙናው ከጠፋ ግን የትኛውን ዝርያ እንደሚያመለክት ማንም ሊናገር አይችልም። ናሙና የማይጠራበት መረጃ በዝርዝሩ ውስጥ ተለይቶ መቀመጥ አለበት፤ ቁጥር ለማብዛት ሲባል ከተረጋገጠው ጋር መደባለቁ ዝርዝሩን ሁሉ ጥርጣሬ ላይ ይጥለዋል።

ሰሜን ወሎ ለዚህ ሥራ የሚመች መሆኑ ከመልክዓ ምድሩ ይጀምራል። ሀብሩ ወረዳ ከአፋር ጋር ከሚዋሰነው ቆላ ተነሥቶ በስምጥ ሸለቆው ግድግዳ ላይ ወደ ደጋው የሚወጣ በመሆኑ፣ በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ ግራርና ቁልቋል ከበዛበት ደረቅ ሜዳ እስከ ጥድና ወይራ ድረስ ያሉ መኖሪያዎች ይገኛሉ። ዝናቡም በበልግና በክረምት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ በጊራና ሸለቆ ደግሞ በመስኖ የሚለማው መሬት በበጋ ጭምር እርጥበት ይይዛል። ማይክሶማይሴቶች እንደየመኖሪያቸው የሚለያዩ ስለሆነ እያንዳንዱ ንጣፍ፣ ማለትም የሚበቅሉበት ነገር፣ የራሱ ነዋሪዎች አሉት። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያረጁ ጥዶችና ወይራዎች ልጣጭ ላይ በአጉሊ መነጽር ካልሆነ የማይታዩ ጥቃቅን ዝርያዎች ይኖራሉ፤ ልጣጩ ምን ያህል ኮምጣጣ እንደሆነና ምን ያህል ውኃ እንደሚይዝ የነዋሪዎቹን ዓይነት ይወስናል። በየአጥሩና በየገደሉ ዳር የሚበሰብሰው በለስ፣ ቁልቋል፣ እሬትና ቃጫ ደግሞ ለብቻው ሊጠና የሚገባው ነው፤ ውኃ ያዘለው ሥጋማ አካል ሲበሰብስ እርሾና ባክቴሪያ ስለሚሞላው፣ በሌሎች ደረቅ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች እንደ ባድሃሚያ ሜላኖስፖራ ያሉ፣ እንዲህ ዓይነቱን ንጣፍ የሚያዘወትሩ ዝርያዎች በብዛት ተገኝተውበታል። ከአጨዳ በኋላ ተከምሮ የሚቀረው የማሽላ አገዳ፣ የከብት እበት፣ የአህያ ፋንድያና የፍየል በጠጥ ሳይቀሩ የራሳቸው ነዋሪዎች አሏቸው።

እነዚህን ሁሉ ለመሰብሰብ ዝናብ መጠበቅ አያስፈልግም። ጊልበርትና ማርቲን የተባሉ አሜሪካውያን በ1933 እንዳሳዩት፣ የደረቀ ልጣጭ እርጥበት ባለው ክዳናም ሳህን ውስጥ ሲቀመጥ በላዩ ተኝተው የነበሩት ስፖሮችና የደረቁ አካላት ነቅተው ያፈራሉ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በፔትሪ ሳህን ግርጌ ማጣሪያ ወረቀት ይነጠፋል፣ ልጣጩ ወይም የደረቀው ፋንድያ እርስ በርሱ ሳይደራረብ ይደረደራል፣ የተጣራ ውኃ ይፈስበታል፣ በማግስቱ የተረፈው ውኃ ተደፍቶ ኮምጣጣነቱ ይለካል፣ ከዚያም ሳህኑ የቀጥታ ፀሐይ በማያገኘው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እስከ ሦስት ወር ድረስ በየጊዜው በአጉሊ መነጽር ይታያል። አንዳንዶቹ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ሌሎቹ ከሳምንታት በኋላ ብቅ ይላሉ። ዕድሜ ልካቸውን ሜዳ ላይ ቢፈለጉ የማይገኙ ጥቃቅን ዝርያዎች የታወቁት በአብዛኛው በዚህ ዘዴ ነው። የወልድያ ዩኒቨርሲቲና በሀብሩ የሚገኘው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ያላቸው ማይክሮስኮፕና ጠረጴዛ ለዚህ ይበቃል፤ በየማሽላ ዘሩ ላይ የተሰበሰበበትን ቦታ፣ ከፍታና ቀን የሚያሰፍረው፣ በ1976 አዲስ አበባ ላይ ከተቋቋመው የዘር ባንክ ጀምሮ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የለመዱት ሥርዓትም ለዝልግልግ ሻጋታ ሳይለወጥ ያገለግላል።

ናሙናዎች በአንድ ቤት ብቻ እንዳይቀመጡ የሚያስገድድ መራራ ልምድ አለ። የበርሊን ሄርባሪየም በመጋቢት 1943 በቦምብ ሲቃጠል ከኢትዮጵያ የሄዱ ናሙናዎችም አብረው ነድደዋል፤ የሺምፐርን ስብስብ ፈጽሞ ከመጥፋት ያዳነው ተመሳሳዩ አስቀድሞ ለፓሪስ፣ ለለንደንና ለሌሎችም ተከፋፍሎ መላኩ ነው። በ2021 የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ሰሜን ወሎ ሲደርስ የወልድያ ዩኒቨርሲቲና የስሪንቃ ማዕከል ለዝርፊያና ለውድመት ተዳርገዋል። ስለዚህ ከሀብሩ የሚወሰድ እያንዳንዱ ናሙና በተቻለ መጠን ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ በወልድያ፣ ሌላው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ሊቀመጥ ይገባል፤ መረጃውም በ2001 በተቋቋመው፣ ጽሕፈት ቤቱ ኮፐንሃገን በሆነው ዓለም አቀፍ የብዝኀ ሕይወት የመረጃ ቋት በኩል ለሁሉም ክፍት ቢሆን፣ ወረቀቱ ቢቃጠል እንኳ መዝገቡ ይተርፋል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ቦታም ብዙ አይደለም። የማይክሶማይሴት ናሙና ከነበቀለበት ልጣጭ በጥቂቱ ተቆርጦ፣ ደርቆና በሙጫ ተጣብቆ በክብሪት ቀፎ መጠን ባለ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ በደረቅ ቦታ ለአሥርት ዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል። በመርሳና በወልድያ ያሉ የባዮሎጂና የግብርና መምህራን ተማሪዎቻቸውን ለመስክ ትምህርት ሲያወጡ፣ በየሳጥኑ ላይ ቀበሌውን፣ ከፍታውን፣ ንጣፉን፣ የሰብሳቢውን ስምና ቀኑን ከነዘመን አቆጣጠሩ እንዲጽፉ ያድርጉ፤ ዝርያውን በዚያው ዕለት መለየት ባይቻል እንኳ መለያ ወረቀቱ ተሟልቶ የተጻፈ ናሙና ዐዋቂው እስኪደርስለት ድረስ ሳጥኑ ውስጥ ሊቆይ ይችላል።